አባቴ የጠገናቸው ብሮች

ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሰሞኑን ስልኳን ይዛ መጣች። አንዱ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ የንጉሡ ምስል ያለበት አሮጌ ብር ቤቱ ያለው ሰው ሚሊየነር ነው እያለ ይምላል። አያቷ ሣጥን ውስጥ ሁለት እንዳሉ ነገረችኝና፣ ማስቀመጡ ያዋጣል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ጥያቄውን ጠልቼው አይደለም፤ መልሱ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ ደክሞኝ ነበር።

እኛ ቤት ለየት ያለ ብር የሚያስቀምጠው አባቴ ነው። ዕድሜ ልኩን መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኔ ጋር ይኖራል። አንድ ትልቅ የፎቶ አልበም አለው፤ ፎቶ ግን የለበትም። የጃንሆይ ዘመን ብር አለ፣ የደርግ አንድ ብር አለ፣ ቁጥሩ ከዳር እስከ ዳር ሰባት ብቻ የሆነ አምሳ ብር አለ። ሲታተም አቆራረጡ ስቶ የጎረቤቱን ብር ጫፍ ይዞ የወጣ አሥር ብርም አለ። ይህኛውን ከሱቅ መልስ ሲቀበል ነው ያገኘው። የዚያን ቀን የተላከውን ዘይት ሱቁ ውስጥ ረስቶ እየሳቀ ቤት ገባ።

የአዲስ አበባ ሰው የተቀደደ ብር ጣጣውን ያውቀዋል። ታክሲ ውስጥ ሲሰጡት ረዳቱ ወደ ብርሃን ያነሳና «ይሄ አይሠራም፣ ሌላ ስጪኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ባለሱቁም ያው ነው። ስለዚህ ፕላስተር የሌለበት ቤት የለም። አባቴ ግን ነገሩን ሙያ አድርጎት ነበር። እሑድ ከልደታ ማርያም ሲመለስ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና ጎረቤት ያመጣለትን ብር ሁሉ ይጠግናል፤ ቀዳዳውን ይለጥፋል፣ የተበላውን ጠርዝ በመቀስ ያስተካክላል፣ ከዚያ ጨርቅ ጣል አድርጎበት በካውያ ይተኩሰዋል። እርሱ የጠገነው ብር የትም ይሠራል። ለዚህም ከማንም ምንም ተቀብሎ አያውቅም። የአልበሙን ብሮች ደግሞ ከሌላው አብልጦ ይንከባከባቸው ነበር፤ ለክብራቸው ሲል አንድም እንከን አይተውባቸውም።

ነገሩ የከረረው ብር የተቀየረ ጊዜ ነው። አገር ሁሉ የቀድሞውን ይዞ ባንክ ሲሰለፍ፣ አባቴ ከጡረታው ያጠራቀማቸውን መቶ ብሮች አልቀይርም አለ። ከገበያ ሲወጡ ብርቅ ይሆናሉ ባይ ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በዘመድም አስመከርኩት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ፣ ያውም እየሳቀብኝ። ቀነ ገደቡ አለፈ። ከዚያ በኋላ ብናገር ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። መቶ ብሮቹም አልበሙ ውስጥ ገቡ።

ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ዐይኑን ሞራ ጋረደው። ብዙም ሳይቆይ ቀኙም ጀመረው። ሐኪሙ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው፣ ግን አታቆዩት ብሎ ነበር። እኔ ለዚሁ ብዬ ያስቀመጥኩት ነበረኝና ልክፈል አልኩት። አይሆንም አለ። «ልጄ ላይ አልወድቅም፤ የራሴ አለኝ» ይላል። የራሴ የሚለው አልበሙን ነው። እሺ እንሽጠው ስለው ደግሞ ዋጋው ገና ነው ይላል። ሻይ ሲቀዳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፣ እኔ ጨርቅ ይዤ እጠርጋለሁ፣ እርሱ ዋጋው ገና ነው ይለኛል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ሄደ። እውነቱን ልናገርና ያን አልበም ጠልቼው ነበር። ቤት ስጠርግ እንኳ ባየሁት ቁጥር ንዴቴ ይነሳ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግቢ ሲመለስ ፎቁ ጠፋበት። የኮንዶሚኒየም በር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰው በር በራሱ ቁልፍ ለመክፈት ሲታገል፣ ውስጥ ብቻዋን የነበረች አራስ ሌባ መስሏት ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤቶቻችን አሥር ጊዜ ይቅርታ እየጠየቁ ይዘውት መጡ። እርሱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ አልተነሳም። ራቱን ሳይበላ አልበሙን አምጥቶ ሰጠኝ። ሽጠሽ ለሐኪሙ ስጪ፣ የተረፈው ለአንቺ ይሁን አለኝ። የሚተርፍ መኖሩን አልተጠራጠረም።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አሮጌ ብርና አሮጌ መስቀል የሚገዛ ባለሱቅ ጠቁመውኝ ነበርና ቅዳሜ ሄድኩ። ትሑት ሰውዬ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ አልበሙን በቀስታ ገለጠ። መጀመሪያ ፊቱ በራ። ቀጥሎ አንዱን ብር አውጥቶ ወደ መስኮቱ አነሳው፤ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። እያንዳንዱ ላይ የአባቴ ፕላስተር ወይም መቀስ አርፎበታል። ባለሰባቱ አምሳ ብር መሐሉ ላይ ተለጥፏል። የጃንሆዮቹ ጠርዝ በመቀስ ተስተካክሏል። አሥር ብሩማ የጎረቤቱን ጫፍ የያዘው ትርፍ ወረቀቱ ተቆርጦለት ልክ እንደ ማንኛውም አሥር ብር ሆኗል።

«እትዬ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?» አለኝ።

«አባቴ ነው።»

«ምናለ እንደነበሩ ቢተዋቸው።»

ሰብሳቢ የተነካካ ወረቀት እንደማይወድ አስረዳኝ። ከተቀደደም እንደተቀደደ ነው የሚፈልገው፤ የተጣመመውንም ስለተጣመመ ነው የሚገዛው። መቶ ብሮቹን ስጠይቀው ጠረጴዛው ሥር ያለ ሙሉ ከረጢት በእግሩ ገፋ አድርጎ አሳየኝ። ያላስቀመጠ ሰው የለም አለ። ለጃንሆዮቹ ብቻ አንድ ዋጋ ጠራ፤ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። አመስግኜው አልበሙን አንስቼ ወጣሁ።

ታክሲ መሰለፍ አላሰኘኝም፣ በእግሬ ወደ ልደታ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው። ተሸጠ ብለው፣ የራሴን ገንዘብ ባሳየው፣ ደስ ብሎት ይታከማል። ደረጃውን ስጀምር ልዋሽ ቆርጬ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ልወስድ ስቆም ግን የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ታየኝ፤ ማን ገዛው፣ ባለሰባቱን ሲያይ ምን አለ፣ ስንት ብሎ በስንት ገዛው። በየሳምንቱ ለመጣ ጎረቤት ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ። ያን ሁሉ መሸከም አቃተኝ። እውነቱን የነገርኩት ሐቀኛ ሆኜ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው።

ገና በር ስከፍት ስንት አለ ብሎ ጠየቀኝ።

«አልገዛውም፣ አባዬ። ፕላስተር የነካውን አይፈልጉም።»

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። አሥር ብሩንስ አለኝ። ትርፉን ወረቀት ቆርጠኸዋል፣ ዋጋ የነበረው እርሱ ነው አልኩት።

«ጠማማ ነበር እኮ» አለ። «እያየሁት ልተወው?»

ተበሳጭቼበት የኖርኩ ሰውዬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በባለሱቁም፣ በሰብሳቢዎቹም፣ በራሴም ተናደድኩ። እርሱ አልበሙን ተቀበለኝ፣ በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገው፣ ከዚያ ጎኑ አስቀመጠው። ሐኪሙ መቼ ነው የሚቀበለን አለኝ። ማክሰኞ ብንሄድ ይቀበለናል አልኩት።

«እሺ» አለ። «አንቺ ክፈይ።»

ሁለት ዓመት የለመንኩት እሺ ነው። በመጣ ጊዜ ግን አንጀቴን በላው። ያ ባለሱቅ ከዚያ ሁሉ ብር አንዲቷን እንኳ ደህና ናት ብሎኝ ቢሆን አልኩ፤ አንዲት ብቻ፣ ለዐይን ጠብታ መግዣ የምትሆን። ወጥ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ደረጃው ጫፍ ስንደርስ፣ ሳልጠይቀው፣ እጁን ዘርግቶ ሰጠኝ።