ወልቂጤ ላይ አልጋ የነፈጉኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለሥራ ወደ ወልቂጤ ልትሄድ ስትዘጋጅ፣ ቡታጅራ ቤታችን ምሳ እየበላን በስልኳ አልጋ ትመርጥ ነበር። «ይሄኛው ሙቅ ውሃ አለው፤ ያኛው ደግሞ ለመናኸሪያው ይቀርባል» ትለኛለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እዚያው ከተማ የገጠመኝ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለመምህርነት ቅጥር ፈተና ተጠርቼ ነበር። ነሐሴ ነው። እናቴ ቆጮና አይብ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝና በአገና በኩል በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሁለቴ ወርደን ገፍተናል። ወልቂጤ ስደርስ ገና ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡን ያወርደዋል።

ጠዋት በእግሬ ለመድረስ እንዲመቸኝ ከመፈተኛው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ያለውን ፔንሲዮን መረጥኩ። ባለቤቷ እናቴን የምታህል ሴት ነበረች።

«አልጋ ይኖራል፣ እትዬ?»

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻዋን ለመጣች ሴት አናከራይም። የቤታችን ስም ይጠፋል።»

መታወቂያዬንና የፈተናውን ደብዳቤ ዘረጋሁላት። ዞር ብላም አላየችው። ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ ዘበኛው ከበሩም አላሳለፈኝ።

ጫማዬ ውሃ ጠጥቶ መንገድ ዳር ሳዘግም አንድ ባለባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ሸምሱ ይባላል፤ በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም። የሆነውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ እውነቱን ከተናገርሽ ዛሬ ውጭ ማደርሽ ነው። እኔ አብሬሽ ልግባ።»

ዳገቱ ላይ ወዳለ ሌላ ቤት ወሰደኝ። እንግዳ ተቀባዩን «አሰላሙ ዓለይኩም» አለውና «እህቴ ናት፤ ነገ ፈተና አላት» ሲል ጨመረ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «ወንድምሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

ቁልፉ ወዲያው ተሰጠኝ። የሸምሱ መታወቂያ ቀርቶ ስሙን እንኳ አልጠየቀውም። ከተዋወቅን ሩብ ሰዓት ያልሞላን ሰው አንዲት ቃሉ ከእኔ ፎቶና ማኅተም በለጠች! ሸምሱ ቀንቶሽ ግቢ ብሎኝ ሄደ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የእናቴን ቆጮ ፈትቼ መልሼ ጠቀለልኩት።

ጠዋት ቁልፉን ስመልስ ግን አላስቻለኝም።

«ትናንት ያመጣኝ ሰው ወንድሜ አይደለም። አላውቀውም» አልኩት እንግዳ ተቀባዩን።

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ? የተማርሽ ሰው አይደለሽም እንዴ?»

እኔኑ መቆጣቱ እኮ ነው!

«እውነቱን የነገርኳቸው በር ዘግተውብኝ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ። እንግዶች ከየክፍላቸው ብቅ ብቅ አሉ።

ተፈተንኩ፤ አለፍኩም። ወልቂጤ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከገጠር ለፈተና የሚመጡ ሴት ልጆች ማደሪያ ሲያጡ ቤቴ አስተኛቸው ነበር።

ይህን ሳወራ «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» የሚሉኝ አሉ። ዘመን በር አይዘጋም፤ በሩን የዘጉብኝ ሰዎች ናቸው። ሸምሱን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ግን ምነው እሱን ማመስገን ባላስፈለገኝ ኖሮ!