አዋጁ «ተሸከሙት» አይልም

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ እዚሁ መቱ ወደ ተሠራ አዲስ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ከደረጃው ጎን ለአካል ጉዳተኞች የተሠራ የሲሚንቶ መወጣጫ አለ። ቁልቁለቱ ደህና ነው፤ መደገፊያ ብረትም አለው። ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ቡና ተሰጥቶበታል። በኅዳር በእኛ አገር ፀሐይ የሚያርፍበት ሲሚንቶ ሁሉ የቡና ማስጫ ስለሆነ የሚገርም ነገር አልነበረም። ቢሆንም ቆሜ አየሁት።

«ይኼ መንገድ አይደለም ወይ?» አልኩት ዘበኛውን።

«ነው እንጂ፣ እትዬ። ግን ማን ይመጣበታል? ከመጣም እኛ አለን፤ እንሸከማለን።»

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከልቡ ነው ያለው። እኔ ግን «እንሸከማለን» የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይሻክራል። ይህን ጠባይ የወረስኩት ከባለቤቴ ከፈይሳ ነው። ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም።

ከፈይሳ ጋር የተገናኘነው በፈተና ቀን ነው። ከኮሌጅ ወጥቼ መቱ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት በተቀጠርኩ በዓመቱ፣ ለመዝገብ ቤት አንድ ሠራተኛ ይፈለጋል ተብሎ ማስታወቂያ ወጣ። መዝገብ ቤቱ ያለው ምድር ቤት ነው። ፈተናውም እዚያው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ እንደሚሰጥ ማስታወቂያው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዋዜማው የአስተዳደር ኃላፊው ጋሼ ታምሩ ጠሩኝና ፈተናው ወደ ፎቅ መዛወሩን ነገሩኝ። ለምን ብላቸው፣ አዳራሹ ስብሰባ አለበት አሉ። ጠዋት ስገባ በአዳራሹ መስኮት አየሁ። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ሰው የለም። ይህን ብነግራቸው ደግሞ ቁልፉ ጠፍቷል አሉኝ። ለአንድ ነገር ሁለት ምክንያት ሲሰጠኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱንም አላምንም።

ከተፈታኞቹ መካከል በእጅ በሚዘወር ባለሦስት ጎማ ብስክሌት የሚሄድ ሰው እንዳለ ጋሼ ታምሩ ያውቃሉ። ሲመዘገብ በመስኮት አይተውታል።

ወሩ ሐምሌ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ሰማይና ምድር የሚጣበቁበት። ፈይሳ ከሁሩሙ በሚኒባስ መጣ፣ ብስክሌቱ ጣራው ላይ ታስሮ። በልጅነቱ ፖሊዮ ሁለቱን እግሮቹን ወስዶበታል። ከደረጃው ሥር ብስክሌቱን አቁሞ ሽቅብ ሲያይ ጃንጥላ ይዤ ወረድኩ።

«ፈተናው ፎቅ ሆኗል» አልኩት። «አዳራሹ ግን ባዶ ነው። ይወቁት ብዬ ነው።»

ከፊቱ ላይ ዝናቡን ጠርጎ አየኝ። «ማን ላከዎት?»

«ማንም።»

«ማንም የሚባለው ሰውዬ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ብዙ ሥራም ይሠራል።»

አንቱ ማለቱ ለአክብሮት አልነበረም፤ ራቅ ብለሽ ቁሚ ማለቱ ነበር።

ጋሼ ታምሩ ወረዱ። ከለቅሶ የማይቀሩ፣ ከተማው የሚወዳቸው ሰው ናቸው። ምን ያስጨንቅሃል፣ ከነብስክሌትህ ያወጡሃል ብለው ጎረምሶችን ጠሩ። ፈይሳ እጁን ከጎማው ላይ አላነሣም። አዋጅ መኖሩን፣ መሥሪያ ቤት ለአካል ጉዳተኛ ቦታውን የማመቻቸት ግዴታ እንዳለበት ረጋ ብሎ አስረዳቸው። እሳቸውም ከሰው ትከሻ የበለጠ ምን መመቻቸት አለ ብለው ሳቁ።

«ጋሼ፣ አዋጁ አመቻቹለት ነው የሚለው። ተሸከሙት አይልም። ሰው ሲሸከምዎት፣ የት እንደሚያስቀምጥዎት የሚያውቀው እሱ ነው።»

ተሸክመው ያወጡትና፣ ፎቅ እንኳ በራሱ መውጣት የማይችል ሰው ብለው እንዳይጥሉት ነበር የፈራው። ሥራው ካመለጠው ዲፕሎማውን ይዞ ሁሩሙ፣ ወንድሙ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ነው ዕጣው። ጋሼ ታምሩ ወረቀቱን አውርደው ለብቻው ሊፈትኑት ሐሳብ አቀረቡ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

«ለብቻዬ የተፈተንኩት ወረቀት ለብቻው ይጠፋል።»

ጋሼ ታምሩ ፊታቸው ተለወጠና፣ ሂጂ፣ ጀምሩ በያቸው አሉኝ። ወጣሁ። ጀምሩ አላልኩም፤ ታች ያለውን ነገርኳቸው። ተፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ ዞን ላይ ዘመድ ቢኖረው ነው እንጂ እንዲህ አይኮራም አለ። ሌላው ፈተናው ሊሰረዝ ነው ብሎ ጠረጠረ። ከዳሪሙ የመጣች ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረች። ደረጃውን የወጣችው እየቆመች፣ እያረፈች ነው። ተነሥታ ወንበሯን ያዘች።

«እኔ እወርዳለሁ» አለች በኦሮምኛ። «ሽንት ቤቱ ታች ነው። ይኼን ደረጃ ደግሜ አልወጣውም።»

ሳቅ ሆነ። አንድ ሰው ወንበሯን ተቀበላት፤ ከዚያ ሌሎቹም የየራሳቸውን እያነሡ ተከተሉ። ሁሉም ከወረደ በኋላ ጋሼ ታምሩ ምን ያድርጉ።

አዳራሹ እንደተቆለፈ ነበርና ፈተናው ታች በረንዳው ላይ ተሰጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ፈታኙ መመሪያውን እየጮኸ አነበበ። ፈይሳ ብስክሌቱን መሐል ላይ ነበር ያቆመው። ወረቀቱ ሲሰበሰብ የእሱ ከሌሎቹ መካከል መግባቱን እስኪያይ ዐይኑን አልነቀለም። ከዚያ በኋላ ብቻ ከብስክሌቱ ኪስ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቅል ጎደሬ አወጣና ዘረጋልኝ።

«ብዪ። እኔንም ማንም አልላከኝም።»

አንቺ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ጎደሬው ቀዝቅዟል፤ አብሮት ያለው የቃሪያ ዳጣ ግን ዐይኔን አስነባኝ።

ሥራውን አገኘ። የመሥሪያ ቤታችን መወጣጫ የተሠራው ግን በጣም ቆይቶ ነው። ግንበኛው ክብር የሰጠ መስሎት እንደ መስተዋት አለሰለሰው። ፈይሳ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሰበትና ግንበኛውን፣ እስቲ በእግርህ ውጣበት አለው። በማግሥቱ ሻካራ ሆነ። ጋሼ ታምሩ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ያንን ልጅ ያስቀጠርነው እኛ ነን ይሉ ነበር። አዳራሹ ለምን እንደተዘጋ አልነገሩንም። ምናልባት ቁልፉ በእውነት ጠፍቶ ይሆናል። ፈይሳ «ምናልባት» የሚሉትን ቃል አይወድም። ሽማግሌ ሊልክ በተነሣ ጊዜ እንኳ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ያን ቀን ማን ነበር የላከሽ ብሎኛል። ሳቅኩ። እሱ ግን መልሱን ጠበቀ።

ያረፈ ዕለት ተሸከሙት። ያንን ምን አደርገዋለሁ። ወንዶቹ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ የከበረ ቦታ እናሳርፈው አሉኝ። ደግነታቸው ነው። እኔ ከመቃብር ቦታው በር ገባ ብሎ ያለውን ሜዳ፣ ብስክሌቱ ሊደርስበት የሚችለውን አሳየኋቸው። መንገድ ዳር ነው አሉ። እዚህ አስቀምጡት አልኩ።

ሰው ደግ ሲሆን መጠርጠር ከባድ ነው፤ ነውርም ይመስላል። ከፈይሳ ጋር ስኖር የገባኝ ግን ደግነት ዛሬ ኖሮ ነገ ሊቀር እንደሚችል ነው፤ ሲሚንቶ ግን ይቆያል፣ ቡና ካልተሰጣበት። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ዘበኛው መጥረጊያ እስኪያመጣ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ቡናውን ወደ ጥግ እየገፋ ቀና ብሎ አየኝ።

«ማን ልኮዎት ነው፣ እትዬ?»

«ባለቤቴ» አልኩት።