አባቴ የከሳበት ዓመት

ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ሲነጠር የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ የትም ብሆን፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤቴ እመለሳለሁ። ቅቤው የሚመጣው ከዶርዜ ነበር፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ አንጁሎ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ በየወሩ ይልክልን ነበር። እናቴ አንጥራ፣ ገንፎው መሃል ጉድጓድ ሠርታ፣ እስኪፈስ ትሞላዋለች፤ እኔና አባቴም ፊት ለፊት ተቀምጠን ግራና ቀኝ እየጎረስን፣ መሃል ላይ ማንኪያችን እስኪጋጭ ድረስ አናቆምም ነበር።

አባቴ ወፍራም ሰው ነበር። ከዶርዜ ተራራ ሲወርድ ቀጭን የሸማኔ ልጅ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ግን የማውቀው ሌላውን ነበር። ግብርና መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ አድጎ፣ መኪና ሲመደብለት እግሩ ከቤታችን በር እስከ መኪናው በር ካልሆነ በቀር መሬት አይነካም ነበር። ሰውም «ጋሽ ደምሴ፣ ተመችቶዎታል!» ይለው ነበር፤ እሱም ሆዱን መታ መታ እያደረገ ይስቃል። እኔም ብሆን የእሱ ልጅ ነበርኩ። ቤት ውስጥ ድንቡሼ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ በርሜል እባል ነበር። እናቴ በሁለታችንም ትኮራ ነበር። ሸዋ ውስጥ ልጅ ሳለች የረሃብ ጊዜ አይታ፣ ታናሽ እህቷን ቀብራ የመጣች ሴት ስለነበረች፣ ሰው ሲከሳ ማየት አትችልም ነበር።

በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የካቲት ላይ፣ የአርባ ምንጭ ሙቀት ቆርቆሮውን በሚያንጫጫበት ሰሞን፣ አባቴ ውሃ በጆግ እየጠጣ የማይረካ ሰው ሆነ። አንድ ቀን ላንቴ ቀበሌ ገበሬዎችን ሊጎበኝ ሄዶ ሙዝ ማሳ ውስጥ ወደቀ። ገበሬዎቹ ለአራት ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑትና ሆስፒታል አደረሱት። እኔና እናቴ ስንደርስ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንደተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም ስትናገር ያዳምጣል።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት። ደም ግፊትም አለ» አለችው። «መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ግን ካልከሱና በእግርዎ ካልሄዱ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም።»

እናቴ «ክሳ ነው የምትዪው?» አለቻት፣ የሰማችውን ማመን አቅቷት።

«አዎ እትዬ፤ ቅቤውንም ቀንሱለት» አለችና ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። «በእግር ሲሄዱ ይቺንም ይዘዋት ይሂዱ።»

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ገባና አቧራው ሲሞት መንገዳችንን ጀመርን። የእሱ ቢሮም የእኔ ትምህርት ቤትም ዳገቱ ላይ፣ ሴቻ ነበሩ። ሾፌሩ መኪናውን ይዞ ይቀድመናል፤ እኛ በእግር እንከተላለን። የመጀመሪያው ቀን ስምንት ጊዜ አርፈናል፤ አባቴ እንደ ወናፍ እየተነፈሰ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ እኔም አጠገቡ። ሚኒባሶቹ ፍጥነት ቀንሰው «ጋሽ ደምሴ፣ ይግቡ እንጂ!» ይሉታል፤ እሱ በእጁ «ሂዱ፣ ሂዱ» ይላቸዋል። ሐይቆቹ ከታች፣ አንዱ ቀላ ብሎ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ሲታዩ፣ ልጅ ሳለ አባቱ የሸመነውን ጋቢ ተሸክሞ ከተራራ እስከ ገበያ ይወርድ እንደነበረ ያወራልኝ ነበር። በመኪና ሳለን እንዲህ አውርቶኝ አያውቅም። ሰኔ ላይ ሳናርፍ የምንወጣው ዳገት ሆነ፤ የትምህርት ቤት ቀሚሴ ሰፋኝ፤ በርሜል የሚለኝም ጠፋ።

ገበታችንም ተለወጠ። እናቴ በገንፎው ፈንታ ኩርኩፋ፣ ድቡልቡል የበቆሎ ሊጥ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅላ፣ አሣውን በዘይት ከመጥበስ በእሳት ጠብሳ ታቀርብ ነበር። ታቀርባለች እንጂ ደስ አይላትም። ለባሏ ያለ ቅቤ ማብሰል እሱን መስደብ ይመስላት ነበር፤ ሳህኑን አስቀምጣ ፊቷን ታዞራለች።

ክረምቱ መጣ። የአባቴ ቀበቶ ላይ በምስማር ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ተበሱ፤ ኮቱ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው መሰለ። ያን ጊዜ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ስሙን በግልጽ ሳይጠራ የሚፈራው በሽታ ነበር፤ የከሳ ሰው ሁሉ በእሱ ይጠረጠራል። «ተመችቶዎታል» ይሉት የነበሩ ሰዎች አሁን ሰላምታቸው አጠረ። የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ልጆቿን ከግቢያችን ከለከለች፤ እናቴ ውሃ ብታቀርብላት «አልጠማኝም» ብላ ጣሳውን መለሰችው። አንድ ቀን የእሷ ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል «አባትሽ ያ በሽታ አለበት፤ አንቺም ትሞቻለሽ» አለችኝ።

ለማንም አልነገርኩም። በማግስቱ ጠዋት ግን አባቴ «ልጄ፣ እንሂድ?» ሲለኝ ሆዴን ቆረጠኝ አልኩት። ትምህርት ተዘግቷልና በየቀኑ ሰበብ አላጣሁም። በሩ ላይ ትንሽ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ ጃንጥላውን ዘርግቶ በካፊያው ውስጥ ብቻውን ይሄዳል። እኔ በመስኮት አየዋለሁ።

ፍልሰታ ተፈትቶ መስቀል ሲቃረብ አባቴ ሽሮውን አንዴ ቀምሶ እንጀራውን አስቀመጠ። «ይሄ ቅቤ አለው» አለ።

እናቴ ደነገጠች፤ ከዚያ እንባዋ ቀደማት። «ትንሽ ሥጋ ያዝልኝ ብዬ ነው። ዶርዜ ስትሄድ ወንድምህ እንዲህ ሆነህ ሲያይህ ምን ይላል? ሰፈሩ የሚለውን እየሰማህ! እህቴንም እንዲሁ ስትከሳ፣ ስትከሳ እያየሁ ነው ያጣኋት።»

አባቴ እጇን ይዞ፣ «እሷ የከሳችው የምትበላው አጥታ ነው። እኔ የከሳሁት ልኑር ብዬ ነው» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅቤው ተመልሶ አልገባም፤ እናቴ ግን እንቅልፍ አልነበራትም።

ለመስቀል ዶርዜ ስንወጣ አጎቴ አንጁሎ አባቴን ከመኪና ሲወርድ አየውና ሊስቅ የከፈተው አፉ ተዘጋ። ትልቁ የቀርከሃ ቤት ውስጥ ሥጋው ተቆርጦ፣ ቅቤው ቀልጦ ሲዞር፣ አባቴ ከቀይ ሥጋው ጥቂት ቁራጭ አንስቶ በቆጮና በዳጣ በልቶ እጁን ሰበሰበ። አጎቴ ተነስቶ እኔን በእጁ ይዞ ወደ እንሰቱ ጓሮ ወሰደኝ። እኔ ጋሞኛ እሰማለሁ እንጂ መናገር ስለማልችል በአማርኛ ነበር የሚያናግረኝ፤ ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» ነው የሚለው።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። አባትህ ያ በሽታ ይዞታል?»

ክረምቱን ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ በአንዴ ወጣ። «ስኳር ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሐኪሟ ናት ክሳ ያለችው! በእግሩ ሴቻ ይወጣል። እኔ ነኝ አፍሬበት የተውኩት!» ለቅሶዬ ቤት ድረስ ተሰማ።

አጎቴ ይዞኝ ገባና በሁሉም ሰው ፊት ወንድሙን ጠየቀው። አባቴ ከደረት ኪሱ የሆስፒታል ካርዱን አወጣ። አጎቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ግን ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየውና ወንድሙን አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እኔ እኮ በልቤ ቀብሬህ ነበር» አለው።

በሦስተኛው ቀን እናቴ በመኪና ስትመለስ፣ አባቴ፣ አጎቴና እኔ በድሮው የእግር መንገድ ወረድን። እኔ መሃል ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ስንሄድ አጎቴ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ «ወንድሜ ነው! ስኳር ነው ያለበት! ከዶርዜ በእግሩ ወረደ!» ይል ነበር። አባቴ ያፍራል፤ እኔ ግን ደግመህ በልልኝ ብዬ እለምነው ነበር። ሲቀላ ስንደርስ አጎቴ ወደ ቤታችን አልገባም፤ ቀጥታ እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆሞ ውሃ ለመነ። ጣሳውን ለአባቴ ሰጠው፤ አባቴ ጠጣ። ከቀረው አጎቴ ጠጣ። ከዚያ ጥቂት አስተርፎ ለእሷ ዘረጋላት። እትዬ ዘነበች ጣሳውን ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ኋላም ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችው።

ሳምንት ሳይሞላ ወደ ቤታችን መጣች። እናቴን ወደ ጥግ ወስዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺ ሐኪም የት ነው የምትገኘው? እኔም ውሃ ጥሙ አላስቀምጥ ብሎኛል» አለቻት። እናቴ ሳትቀየማት ነጠላዋን አንስታ ራሷ ወሰደቻት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ፤ ዳረኝ፣ የመጀመሪያ ልጄንም ታቀፈ። ሳድግ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። በዚያው ዓመት፣ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ፣ በእውነት ያ በሽታ ይዞት የከሳ ወጣት ነበር። በእሱ ጣሳ የጠጣለት ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠጣንለትም። የእኛ ደስታ «እኛስ አይደለንም» የሚል ደስታ ነበር።

ዛሬ እኔም ሴቻ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ዳገቱን ባጃጅ ያወጣኛል፤ ልጄም የታሸገ ጭማቂውን ይዞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ባለፈው ዓመት ሐኪም ለእኔም ያንኑ ነገረኝ። አሁን እሁድ እሁድ ጠዋት ከልጄ ጋር በእግር እንወጣለን። መንገዱ ቱታ በለበሰ ሰው ይሞላል፤ ልጄ ከፊት ከፊት እየሄደ «እማ፣ ቶሎ በይ እንጂ» ይለኛል። የሚያልፉን ሰዎች «ጎበዝ! በርቱ!» ይሉናል። አባቴን በዚያ ክረምት ጎበዝ ያለው ሰው ግን አንድም አላስታውስም።