ለአሰብ ልክ

ይህች የነሐስ ቁራጭ የመስኮቴ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። አውራ ጣት ታክላለች። አንደኛው ጫፏ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ያለ ነው፤ መሐሏ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጠዋት ጠዋት ስነካት ብርዷ ጣቴን ያቃጥለኛል። ያን ጊዜ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የአሰብ ሽታ ይመጣብኛል። ናፍጣ፣ ጨው፣ ፀሐይ ያጋለው ጎማ።

ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። ደሴ ትምህርቴን ጨርሼ ታላቅ ወንድሜ ወዳለበት አሰብ ወረድኩና ወደብ ውስጥ የጭነት ወረቀት ጸሐፊ ሆንኩ። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሾፌር ነበር፤ ባለ ተሳቢ መኪና ይዞ ከአሰብ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። አንዴ ከወጣ ሁለት ሳምንትም ሦስትም ይቆያል። እኔ አሰብ ሰጊር ሰፈር በተከራያት የሳንቃ ቤት ብቻዬን እቀራለሁ። ከሥራ እመለሳለሁ፣ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ ባሕሩን አያለሁ። ጎረቤቶቼ በአፋርኛና በዓረብኛ ሲጫወቱ እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም። «መርሀባ» ይሉኛል፣ «መርሀባ» እላለሁ። ወሬያችን ይኸው ነበር።

የእሱን ጡሩምባ ግን አውቃለሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም። ያን ስሰማ እሮጥ ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ግን እሮጥ ነበር።

ወንድሜ ደረቱን ታመመ። አሰብ ሲሆን ደህና ነው። ባቲን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ሳሉ ይነሣበታል፤ ጣርማ በር ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። የደሴው ሐኪም፣ «ሳንባህ ሌላ ብርድ አይችልም። ቆላ ተቀመጥ» ብሎታል። ይህን የነገረኝ ረዳቱ ነው። ወንድሜ ራሱ የነገረኝ ሌላ ነው።

«ተማሪው፣ ጋቢናዬ ውስጥ ማሞቂያ ልትገጥምልኝ ነው» አለኝ። ስሜን አይጠራም፤ ሁልጊዜ ተማሪው ነበርኩ።

ሾፌሮቹ የሚበሉበት ቤት ውስጥ ወሬው ሲሰማ ሳቁ ጣራ ሊያነሣ ምንም አልቀረው። ሁሉም በላብ የራሰ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል።

«ሰማችሁ? አሰብ ላይ ተቀምጦ ማሞቂያ የሚያስገጥም!»

«ሲሞትም ለሲኦል ከሰል ይዞ ይሄዳል፣ ይሄ ሰውዬ።»

«ሳቁ» አላቸው ወንድሜ። «ጣርማ በር ላይ ጥርሳችሁ ሲንቀጫቀጭ፣ እኔ በሸሚዝ እጄን እያውለበለብኩ አልፋችኋለሁ።»

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የሞተሩን የፈላ ውሃ በጎማ ቱቦ ስቦ፣ መቀመጫው ሥር በተቀመጠች ትንሽ ራዲያተር አሳልፎ፣ ወደ ሞተሩ መመለስ ነው። ትንሿን ራዲያተር ከወደቀ የእንግሊዝ መኪና ፈታናት። የወንድሜ መኪና ደግሞ የጣሊያን ነው። አንዱ በሚሊሜትር፣ አንዷ በኢንች ነው የተወለዱት። የሞተሩ አፍ ከራዲያተሯ አፍ ሁለት ሚሊሜትር ይሰፋል። ሁለት ሚሊሜትር ምንድን ነው? ለሞተሩ ልክ የሆነውን ቱቦ ራዲያተሯም ላይ አጠለቅኩት፤ ላላ ሲለኝ በብረት ቀለበት አንቄ፣ በካቻቢቴ እስኪበቃኝ አጠበቅኩት። በቀትር ፀሐይ ሞተሩን አስነሣን። አንድ ጠብታ አልወጣም።

«ልክ ነው ጋሼ» አልኩት።

ሲመለስ ጡሩምባው ደከም ያለ መሰለኝ። ከጋቢናው ሲወርድ በሩን ይዞ ቆየ።

«ተማሪው፣ ቱቦህ ጣርማ በር ላይ እንደ ሕፃን ሸናብኝ።»

ረዳቱ ከኋላ ሳቀ። ወንድሜም ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ውሃው እግሩ ሥር ፈስሶ፣ ማሞቂያውን ዘግቶ፣ ያን ሁሉ ብርድ አገር በራሰ ጫማ ነበር ያለፈው። ሦስት ቀን ሥራ አልወጣም። እንዲያም ሆኖ አልተቆጣኝም። ብቻ በአራተኛው ቀን እንዲህ አለኝ፦

«አንድ ጊዜ ደግመን እንሞክር። አሁንም ካፈሰሰ፣ መሪውን አስረክቤ እዚሁ ካንተ ጋር ወደብ እገባለሁ። በእናታችን አጥንት።»

ወንድሜ በእናታችን አጥንት ምሎ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። እና፣ ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ፊቴን አዞርኩ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ አብረን በር ላይ ስንቀመጥ ታየኝ። እንደማንኛውም ሰው ከሥራ ሲመለስ ታየኝ።

ቱቦውን ይዤ አሮጌ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጠው የመናዊ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፤ ከሱቁ የዝገትና የቅርንፉድ ሽታ ይወጣ ነበር። ቱቦውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ያ ወለድ፣ ልጄ፣ እዚህ ጎማ ቅቤ ነው። ስታስረው እሺ ይላል። ተራራ ላይ ድንጋይ ነው፣ ወላሂ፤ ይኮማተራል፣ ከብረቱ ይላቀቃል። ይሄ ሥራህ ለአሰብ ልክ ነው።»

«ለሁለቱም ልክ የሆነ የለም?»

ከአንድ ሳጥን ውስጥ ብዙ ፈልጎ ይህችን ነሐስ አወጣ። በአንድ ጫፏ የእኔን የጣሊያን ቱቦ፣ በሌላው ከሱቁ ያነሣውን ጠበብ ያለ የእንግሊዝ ቱቦ ለካባት። ቱቦውን ቁረጠው አለኝ። እያንዳንዱ አፍ የራሱን ቱቦ ያግኝ፣ እሷ መሐል ገብታ ታስታርቃቸዋለች። ከመሄዴ በፊት፣ «በፀሐይ ሞክረህ ልክ ነው እንዳትል» አለኝ።

ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። በማግሥቱ ጠዋት ለዓሣ ከሚሠራው በረዶ አንድ ግንድ የሚያህል በጆንያ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ መጣ።

«ጣርማ በርን ገዝቼ መጣሁ!»

የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። በረዶውን ፈልጠን መጋጠሚያው ዙሪያ በጆንያ አሰርን። ቱቦው ደንዝዞ እንጨት እስኪሆን ጠበቅን። ሕፃናት ስብርባሪውን እያነሡ ይመጥጡ ነበር። ከዚያ ወንድሜ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሣ፣ እኔ መኪናው ሥር በጀርባዬ ተጋደምኩ። ጆንያውን ገለጥ አድርጌ እጄን ሰደድኩ።

ውሃ በየቦታው ይንጠባጠባል። የበረዶው ይሁን የሞተሩ፣ ከእኔ በቀር ማንም ሊያውቅ አይችልም። የሞተሩ ውሃ ትኩስ ነው፣ የዝገት ቀለም አለው። በጣቴ የመጋጠሚያውን ዙሪያ ዳሰስኩ። ግንባሬ ላይ የወረደው ጠብታ ቀዝቃዛ ነበር። ጣቴን ቀመስኩ። ንጹሕ ነው።

«ተማሪው! ያፈሳል?» ብሎ ጮኸ ከላይ።

ከመኪናው ሥር የሰዉን እግር ብቻ አያለሁ። አንዲት ቃል ናት። ያፈሳል ካልኩት ያምነኛል፤ ወርዶ አያይም። በዚያው ወር ወደብ ይገባል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«ኧረ ተኛህ እንዴ?»

«አያፈስም ጋሼ!»

ለምን እንዲህ አልኩ? እውነቱ ስለሆነ። ደግሞም፣ ልደብቅህ አልችልም፣ ሥራዬ ልክ ስለሆነ ኮርቼ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ያሰማውን እልልታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም ጡሩምባ ነፋ፤ ሕፃናቱ በረዷቸውን ጥለው ሮጡ።

አንድ ክረምት በሸሚዝ አለፈው። ከየመንገዱ መልእክት ይልክብኝ ነበር፦ «ለተማሪው፣ ላብ አስቸገረኝ በሉት።» ሾፌሮቹም መሳቁን ትተው፣ አንዱ ሁለቱ እኔ ጋ መጥተው ግጠምልን አሉ።

ግን ማሞቂያ የሚያሞቀው ጋቢና ነው። ጎማ የሚቀየረው ውጭ ነው። በሁለተኛው ክረምት ጣርማ በር ላይ የተሳቢው ጎማ ፈነዳ፤ በዝናብና በጉም ውስጥ ከረዳቱ ጋር ሲታገሉ ዋሉ። ወደ አሰብ እየወረዱ ደሴ ሲደርሱ ሆስፒታል ገባ። እኔ አልደረስኩም። ቀብሩም እዚያው ሆነ።

መኪናው የመጣ ዕለት ወደቡ በር ላይ ነበርኩ። አንድ ረዥም ጡሩምባ ብቻ ተነፋ። እግሬ ግን ሊሮጥ ተነሥቶ ነበር።

አዲሱ ሾፌር ማሞቂያውን አስፈታው። «አሰብ ላይ ይሄ ምን ይሠራል?» አለ አሉ። አልፈረድኩበትም። ረዳቱ ይህችን ነሐስ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝና በር ላይ፣ ወንድሜ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ መጨረሻ ላይ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት።

«ስለ አንተ ነው ያወራው» አለኝ። «‹ለተማሪው አላፈሰም በለው› አለኝ። ‹አንድም ቀን አላፈሰም በለው።›»

ጠዋት ጠዋት ነሐሷን ከመስኮቱ አነሣለሁ፣ እስክትሞቅ በመዳፌ እይዛታለሁ። አንዳንድ ቀን፣ ቤቱ ውስጥ ማንም ስለሌለ፣ ድምፄን አውጥቼ እናገራለሁ።

«ያፈሳል ጋሼ» እላለሁ። «ያፈሳል። ውረድ።»