ቡሬን ያስለቀቀው ቀንበር

ከሁሉ በፊት ማን እንደነበርሁ ይታወቅ። በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር በእጅ ሥራ ከእኔ የሚስተካከል ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ስላረጀሁ አይደለም፤ ያኔም እለው ነበር። ሞፈር መጥረብ ያስተማረኝ የለም። ፊደልንም የለየሁት ራሴ ነኝ። አባቴ ዳዊት ሲደግም ፊት ለፊቱ እየተቀመጥሁ በዓይኔ ለቀምሁት፤ ስለዚህ መጽሐፍን ዘቅዝቄም አቅንቼም አነባለሁ። ሁለቱንም የሚችል ቄስ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ሰፍሮ ሳለ የጦሩ አለቃ አንዲት መኪና ነበረችው። ዳገት ቁልቁለት፣ እርሻ ጥሻ የማትል ናት። ወታደሮቹ ጠዋት ጠዋት በሯን በጨርቅ እየወለወሉ መስተዋት አስመስለዋታል። ጣጣው የመጣውም ከዚህ ነው።

አንድ የገበያ ቀን በሬዬን እየነዳሁ በአጠገቧ አለፍሁ። በሬዬ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ነው፤ እንዲህ ያለውን በሬ እኛ እንደ ከተማይቱ ቡሬ እንለዋለን። በመኪናዋ በር ላይ ሌላ ቡሬ አየ። እሱ ሲያቀረቅር ያኛውም አቀረቀረ። እንዲህ ያለ ድፍረት የሚችል በሬ አልነበረምና በሩን ወግቶ አጎደጎደው። ወታደሮቹ እየጎተቱ ወደ ሰፈራቸው ወሰዱት። እሑድ ይታረዳል ተባለ።

የግንቦት ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለስልሷል፤ ዳጉሳ የምዘራበት ጊዜ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ቡሬ ከታረደ ማሳዬ ጦም ያድራል፣ ልጆቼም እንደዚያው። ስለዚህ ጋቢዬን አደግድጌ አለቃው ፊት ቀረብሁ። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ ሰው ነበር፤ አማርኛ ያውቃል፣ የእኛን የከብት መልክ ግን አያውቅም።

“ጌታዬ፣ ቡሬን ይልቀቁልኝ” አልሁ።

አስተርጓሚው ክው አለ። በጣሊያንኛ ሲነግረው አለቃው ሽጉጡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

“ቡሬ ያንተ ነው ወይ? ይሉሃል።”

“የማን ሊሆን ነው? ከአባቴ የወረስሁት!”

“ቢለቁልህ ምን ታደርገዋለህ?”

“አርስበታለሁ።”

“አልገዛም ቢልህስ?”

“እገርፈዋለኋ!”

“ሕዝቡን?”

“ሕዝቡ ምን አደረገኝ? ቡሬን ነው እንጂ! ማታ ማታም አስረዋለሁ፤ ልቅ ካደረ የሰው ማሳ ይገባል።”

አስተርጓሚው ይህንንም ለአለቃው መተርጎም ጀመረ። በዚህ መሐል በሬዬ ድምፄን ሰምቶ ከጓሮ እምቧ አለ። “ይኸው፣ ራሱ መጣላችሁ!” አልሁ። አለቃው ነገሩ ሲገባው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያም ፈረደ፤ መኪናዋን ከቀንድ የሚያድን የጎን መከላከያ መርጬ እንድገጥምላት፣ ቅዳሜም በሬው ራሱ እንዲፈትነው። ከወጋት ይታረዳል፤ ካልወጋት ይዤው እሄዳለሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። “ለጣሊያን መኪና ቀሚስ ሊሰፋላት ነው አሉ!” እያሉ ጎረቤቶቼ ተሳለቁ። ባለቤቴም፣ “ምነው አንቱ፣ ባንዳ ሊያስብሉን ነው?” አለችኝ።

“ቡሬን ላስለቅቅ እንጂ ያሻቸውን ይበሉ።”

“የትኛውን ቡሬ?” አለችና እሷም ሳቀች።

እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርሁ። መጀመሪያ ወይራ መረጥሁ። ጥንካሬውስ ምን ይወጣለታል፤ ነገር ግን ክብደቱ መኪናዋን ጭነት እንዳደላባት አህያ አዘነበላት። ባሕር ዛፉን ምስማር ሲነካው ተሰነጠቀ። ቀርቀሃ ቀላል ነውና እሱን አሰርሁ። መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ በቀርቀሃው ቀዳዳ ገብቶ ያፏጭ ጀመር፤ ወታደሮቹ የአርበኛ ጥይት መስሏቸው ቦይ ውስጥ ተደፉ። አለቃቸው ከላያቸው ላይ ተደፋ።

አርብ ዕለት ደጄ ተቀምጬ ሳስብ ዓይኔ ግድግዳ ላይ የተደገፈ አሮጌ ቀንበር ላይ አረፈ። በላብና በአንገት የለሰለሰ፣ ዘመኑን ሙሉ በሬ ሲታገለው ኖሮ ያልተሰበረ እንጨት ነው። ጉብጠቱም ከመኪናዋ ሆድ ጋር ልክ ነው። በዚያ ላይ የተገራ በሬ ቀንበርን አይወጋም። የጎረቤቶቼን አሮጌ ቀንበሮች ሰብስቤ በሁለቱም ጎን በእርጥብ ጠፍር ጠፈርኋቸው፤ ጠፍር ሲደርቅ ከብረት ይጠናል። ግፊያውን እንዲያበርደው ብዬ በቀንበሩና በበሩ መካከል ክፍተት ተውሁ።

ቅዳሜ በሬዬ ባልተጎዳው በር በኩል ተለቀቀ። በሩ ተወልውሎ ያበራል። ቡሬ ሄደ፤ ያኛውንም ቡሬ አየው። አቀረቀረ። አለቃው ዓይኑን ጨፈነ፣ እኔ ግን አልጨፈንሁም። በሬዬ ቀንበሩን አሸተተ፣ ዞረ፣ አንገቱን ከሥሩ ሸጉጦ ጸጥ ብሎ ቆመ። ጎኑን ሲያይ ያ ጠላቱ አብሮት ተጠምዷል። ደስ ብሎት ጆሮውን አራገበ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ቀስ ቢል ቡሬ አብሮ ተራመደ። ሲቆም ቆመ።

“ይህ በሬ ምን እያደረገ ነው? ይላሉ” አለ አስተርጓሚው።

“እያረሰ ነው። የጎደለን ጅራፍ ብቻ ነው” አልሁ።

አለቃው ቃሉን ጠበቀ። በሬዬን ከመኪናዋ መፍታቱ ግን መከራ ሆነ፤ ከእንደዚያ ያለ ቆንጆ ጓደኛ አልለይም ብሎ።

ከዚያ ወዲያ አለቃው ወደ ወጀት፣ ማለት ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንላት ከተማ፣ ሲሄድ መኪናዋ በቆመችበት ሁሉ በሬዎች ከግጦሽ እየወጡ ጎኗ ይሰለፉ ነበር። ባለቤቶቻቸውም በየተራ እየመጡ ይፈቷቸው ነበር። አርሰው የሚመለሱት ብቻ ቀና ብለውም አላዩአት።

እንግዲህ ያደረግሁት ይኸውላችሁ፤

ማንም ያላሰበውን የመኪና ጎን መከላከያ መረጥሁ፣ ያለ ምስማርም ገጠምሁ።

በሬና መኪና አስታረቅሁ።

የጣሊያንን የጦር አለቃ ቦይ ውስጥ አስደፋሁ፤ በቀርቀሃ።

ባንዳ ሊሉኝ የነበሩ ጎረቤቶቼ ቀንበር ሲሰበርባቸው ወደ እኔ እንዲመጡ አደረግሁ።

በመጨረሻም፣ አርበኞቹ ቡሬን ከጣሊያን ያስለቀቁት በኋላ ነው። እኔ በዚያ ግንቦት ያለ አንዲት ጥይት አስለቅቄ ዳጉሳዬን ዘርቼበታለሁ።