ድንጋይህን መልሳት!

በደርግ ጊዜ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጫነ ማኪና ላይ ተንጠልጥዬ ስወርድ፣ ማኪናው ጉለሌ ሳይደርስ ተገለበጠና ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ተቆረጠች። እግሬን ያጣሁት በእግር መሄድ ታክቶኝ ነው።

ከዚያ በፊት በቀበሌያችን ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ አሳቂው እኔ ነበርኩ። ከሆስፒታል ወጥቼ በክራንች ስመጣ ግን ሰልፉ እንደ ቀይ ባሕር ተከፈለልኝ። "አሳልፉት ምስኪኑን!" ይላሉ፤ በሁለት ደቂቃ ስኳሬን ይዤ ቤቴ ነኝ። ቀልድ ስጀምር ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። በዓለም ላይ በቀልድ ሰው ያስለቀሰ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። የሚያስጠጋኝ እንጂ የሚያሳልፈኝ ሰው አልፈለግሁም።

ያኔ ተራ የሚያዘው ድንጋይ በማስቀመጥ ነበር። አንድ ማለዳ እኔም እንደ ሰዉ ድንጋዬን ከኋላ አስቀመጥኩ። ሰዉ ጥግ ይዞ ፀሐይ ሲሞቅ ግን፣ ድንጋዬን በክራንቼ ጫፍ እየገፋሁ ከአራት ሰው ድንጋይ ፊት አስቀደምኳት።

ከተቀደሙት አንዷ፣ አሮጊቷ ጎረቤታችን፣ ጮኹ።

"አንተ ቀጣፊ! እግርህ ተቆረጠ እንጂ አመልህ መች ተቆረጠ? ድንጋይህን መልሳት!"



"እትዬ፣ እኔ እኮ አካለ ስንኩል ነኝ" አልኳቸው።

"ምነው ምላስህ በተሰናከለ!"

መጀመሪያ እኔ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ሰልፈኛው ሁሉ አውካካ።

ድንጋዬን መለስኩ። ተራዬ ሲደርስ ስኳሩ አልቆ ነበር። ባዶ ከረጢቴን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ እትዬ ከኋላዬ እየተከተሉ ስድባቸውን አላቆሙም፤ እኔም ቶሎ እንዳያልቅብኝ ቀስ ብዬ ተራመድኩ።