ያላስቆምኩት ጉርሻ

ባለፈው ሰኞ ጎረቤቴ ቤት ጉርሻ ከሰው እጅ ላይ አስቀረሁ። ልጃቸው የካንሰር መድኃኒት ወስዳ ከአዲስ አበባ መመለሷ ነው። አንዲት ጠያቂ ቀይ ወጥ ጠቅልለው ወደ አፏ ሲያስጠጉ፣ "ይተዉ!" ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ ባለጌ ተባልኩ። ይበሉኝ፤ በልቤ የያዝኩት የአክስቴን እጅ ነበር።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ከሁለተኛው ዙር ሕክምና ስትመለስ ሸዋ ሮቢት በግንቦት ሙቀት ትነድዳለች፤ ማንጎ ደርሶ መንገዱ ሁሉ ይሸታል። የእናቴ ምላስና ድድ ግን ቆስሎ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያስለቅሳት ነበር። ነርሷ ያለችኝን እንደ ፋቲሃ ሸምድጄዋለሁ፦ "ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጨውና ሶዳ በጥብጠሽ ትጉመጥመጥ። በርበሬ፣ ሎሚ፣ ትኩስ ነገር እንዳታቀምሻት። ካልበላች አቅም ታጣለች፤ አቅም ካጣች ቀጣዩን ዙር አንሰጣትም።"

ጎረቤቱ ቁስሉን በሎሚና በጨው እሺላት ይለኛል፤ አልሰማሁም። አጥሚት አቀዝቅዤ፣ ፓፓያ ጨፍልቄ በማንኪያ እሰጣታለሁ። በዐሥር ቀኑ ቁስሉ መጠገግ ጀመረ።

በማግስቱ ታላቅ እህቷ እትዬ ዘይነባ ዶሮ ወጥ ሠርተው ከካራቆሬ መጡ። እናቴን ሲያዩ አለቀሱ።

"አጥሚት ብቻ እያጠጣሽ በረሃብ ልትገድያት ነው?" አሉኝ። ከዚያ ጠቀለሉ። "ቢስሚላህ በይና ጉረሺልኝ፣ በሞቴ!"

እናቴ አየችኝ። ታላቅ እህት ዘርግታ እምቢ አይባልም፤ እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የአክስቴ እንባ አሳፈረኝና አቀረቀርኩ። ጎረሰች። "አንድማ ያጣላል" ብለው ደገሙላት።

ሲሄዱ ደም ተፋች።

"እኔስ አፌ ቆስሎ ነው፤ አንቺን ምን ነካሽ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ውኃም አልወርድ አላት። ቀጠሯችን ሲደርስ ሐኪሙ አቅም የላትም ብሎ ዙሩን ለሌላ ጊዜ አራዘመው፤ እሷ ግን እስከዚያ አልቆየችም። በሽታው ራሱ ብዙ ሄዶ ነበር ብሎኛል። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ።

ሰኞ ልወጣ ስነሳ ልጅቷ መናገር አቅቷት እጄን ጨበጠችኝ። በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ ያቺን "ይተዉ" ነበር ከእኔ የጠበቀችው፤ ሃያ አምስት ዓመት ዘግይታ ለሌላ ሰው ልጅ ወጣች።